ዊንዶውስ ኦልድ

ዊንዶውስ ኦልድ («አሮጌው ዊንዶውስ» ማለት ነው) የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ስርዓተ ክወና በኮምፒዩተር ላይ እንደገና ሲጫን ወይም ወደ አዲስ ስሪት ሲያድግ የቀድሞው ስርዓት ፋይሎች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ፎልደር (አቃፊ) ነው። ፎልደሩ አብዛኛውን ጊዜ በ«ሲ» ድራይቭ ላይ ይገኛል። በኮምፒዩተሩ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ነጥብ ገብቶበት ይታያል። መጠኑ ከ10 ጊጋባይት በላይ መሆኑ የተለመደ ሲሆን፣ የተጠቃሚው ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች በውስጡ ካሉ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ፎልደሩ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ብዙ ተጠቃሚዎች አዲሱ ዊንዶውስ እንደተጫነ ሊያጠፉት ይፈልጋሉ። ነገር ግን እንደ አጫጫኑ ዓይነት የተጠቃሚው ሰነዶች ብቸኛ ቅጂ በዚሁ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያለ ጉዳት ለማስወገድ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ በመጀመሪያ ውስጡን አይቶ የሚፈለገውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ፎልደሩን በዊንዶውስ በራሱ የማጽጃ መሣሪያ ማጥፋት።

አመጣጥ

ዊንዶውስ ኦልድ የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው በጥር 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎልደር አልነበረም። ከቪስታ ጀምሮ የመጫኛው ፕሮግራም በድራይቩ ላይ አሮጌ ዊንዶውስ ካገኘ ከማጥፋት ይልቅ ወደ አንድ ፎልደር ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል።

በቪስታና በዊንዶውስ 7 ፎልደሩ ተጠቃሚው እስኪያጠፋው ድረስ ይቆይ ነበር። በዊንዶውስ 8.1 ከ28 ቀናት በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ተጠቃሚው ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ እንዲችል መጀመሪያ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በወጣው ማሻሻያ ግን ጊዜው ወደ 10 ቀናት አጠረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11ም የ10 ቀናቱን ገደብ ተከትሏል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025) አቁሟል። በዚህም ምክንያት በማሳደግ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሸጋገሩ ኮምፒዩተሮች ይህን ፎልደር ያፈራሉ።

«ፎርማት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም

በኢትዮጵያ «ኮምፒዩተሩ ፎርማት ተደረገ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ እንደገና ተጫነ ለማለት ነው። በቴክኒክ አነጋገር ግን ፎርማት ማድረግ አንድን የዲስክ ክፍል ባዶ አድርጎ ለአዲስ ፋይል ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የተጠቃሚው ፋይል መትረፍ ወይም መጥፋት የሚወሰነውም በዚህ ልዩነት ነው። ዊንዶውስ እንደገና የሚጫንባቸው ዋና ዋና መንገዶችና ውጤታቸው እንደሚከተለው ነው፦

1. ማሳደግ። አዲሱ ስሪት በአሮጌው ላይ ሲጫን የተጠቃሚው ሰነዶችና አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ ይሸጋገራሉ። በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ የሚቀረው በዋናነት የአሮጌው ስርዓት ፋይል ነው። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ የሚቻለውም በዚህ መንገድ ሲጫን ነው።

2. ያለ ፎርማት አዲስ መጫን። ከፍላሽ ወይም ከዲቪዲ ተነስቶ «ሲ» ድራይቭ ሳይጸዳ ዊንዶውስ ሲጫን፣ የተጠቃሚው ፎልደርና ፕሮግራሞች ሳይቀሩ ወደ ዊንዶውስ ኦልድ ይገባሉ። አዲሱ ዴስክቶፕ ባዶ ሆኖ ይታያል። መጫኛው የቀድሞዎቹ ፋይሎች ወደዚህ ፎልደር እንደሚዛወሩ በመካከል በመልእክት ያሳውቃል፤ ብዙዎች ግን መልእክቱን ሳያነቡ «እሺ» ብለው ያልፋሉ።

3. «ሲ» ድራይቭን ፎርማት አድርጎ መጫን። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ኦልድ አይፈጠርም። በ«ሲ» ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

4. ኮምፒዩተሩን ወደ መነሻው መመለስ። ዊንዶውስ በራሱ ውስጥ ባለው የመመለሻ አማራጭ ሲታደስ «ፋይሎቼን አቆይ» የሚለው ከተመረጠ የተጠቃሚው ሰነዶች ይተርፋሉ፣ ፕሮግራሞች ይወገዳሉ፣ ዊንዶውስ ኦልድም ይፈጠራል። «ሁሉንም አስወግድ» የሚለው ከተመረጠ ግን የተጠቃሚው ሰነዶች ይጠፋሉ።

ኮምፒዩተሩን የሚጭነው ሌላ ሰው ከሆነ ከሥራው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ዊንዶውስ ይጫንልኛል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «‹ሲ› ይጸዳል ወይስ አይጸዳም?» የሚለው ነው። «ዴስክቶፕ»፣ «ዶክመንትስ» እና «ዳውንሎድስ» በተለምዶ በ«ሲ» ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ለምሳሌ በባሌ ሮቤ በሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከጎባ ተነስቶ በሳኔቲ አምባ በኩል ወደ ሃረና ደን ወርዶ ያነሳቸውን ፎቶግራፎችና የመዘገበውን መረጃ በዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ይሆናል። «ሲ» ሳይጸዳ ዊንዶውስ ከተጫነ ሥራው በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ አለ። ፎልደሩ «ትርፍ ነው» ተብሎ ከጠፋ ግን የመስኩ ሥራ አብሮ ይጠፋል።

በውስጡ የሚገኙ ነገሮች

ዊንዶውስ ኦልድ ሲከፈት በአብዛኛው የሚከተሉት ፎልደሮች ይገኛሉ፦

«ዊንዶውስ»፦ የአሮጌው ስርዓት ፋይሎች፣ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) እና ድራይቨሮች። ድራይቨር የሚባለው እንደ ድምፅ፣ ዋይፋይና ፕሪንተር ያለውን መሣሪያ ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኝ አነስተኛ ፕሮግራም ነው።

«ፕሮግራም ፋይልስ»፦ ተጭነው የነበሩ ፕሮግራሞች። ፕሮግራሞቹን ወደ አዲሱ ዊንዶውስ በመቅዳት ብቻ ማሠራት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ እንደገና መጫን አለባቸው።

«ፕሮግራም ዳታ»፦ ፕሮግራሞች ለሁሉም ተጠቃሚዎች በጋራ የሚያስቀምጡት መረጃ። ይህ ፎልደር የተደበቀ ነው።

«ዩዘርስ»፦ የተጠቃሚዎች ፎልደሮች። በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ሥር ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ እና ሌሎችም ይገኛሉ። ቀድሞ የነበረው ስርዓት ኤክስፒ ከሆነ የዚህ ፎልደር ስም «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ነው።

ተጠቃሚው በቀጥታ በ«ሲ» ላይ የፈጠራቸው ሌሎች ፎልደሮች ወደ ዊንዶውስ ኦልድ አይገቡም፤ በነበሩበት ይቆያሉ። ዊንዶውስ ደጋግሞ ያለ ፎርማት ከተጫነ ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር ያለባቸው ተጨማሪ ፎልደሮች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የሚፈለገው ፋይል በአንዱ ካልተገኘ በሌላው መፈለግ ይገባል።

ከማጥፋት በፊት መውጣት ያለባቸው ፋይሎች

የግል ሰነዶች

በመጀመሪያ የሚከፈተው በ«ዩዘርስ» ሥር ያለው የተጠቃሚው ስም ነው። አዲሱና አሮጌው የተጠቃሚ ስም አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ የተከፈተው ፎልደር በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ ያለው መሆኑን ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ከመጣ የአስተዳዳሪ መብት ያለው ተጠቃሚ «ቀጥል» የሚለውን በመምረጥ ሊገባ ይችላል።

በቴሌግራም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የወረዱ ፋይሎች በ«ዳውንሎድስ» ሥር «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። የትምህርት ጽሑፎችና ማስታወሻዎች በብዛት በቴሌግራም ስለሚከፋፈሉ ይህን ፎልደር አለማየት የተለመደ ስሕተት ነው።

የድረ ገጽ ማሰሻዎች መረጃ «አፕ ዳታ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ ከተደረገ በኋላ የክሮም ዕልባቶች ተቀድተው ሊወጡ ይችላሉ። የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ግን በአሮጌው የተጠቃሚ መለያ የተመሰጠሩ በመሆናቸው ፋይሉን በመቅዳት ብቻ አይከፈቱም። በዊንዶውስ የፋይል ምስጠራ የተቆለፉ ሰነዶችም የምስጠራ ቁልፉ ለብቻው ካልተቀመጠ በአዲሱ መለያ አይከፈቱም።

የሂሳብ መዝገቦች

ፒችትሪ በኢትዮጵያ በብዙ ድርጅቶች የሚሠራበትና በኮሌጆችም የሚሰጥ የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራም ነው። የድርጅቱ የሂሳብ መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ስሪቱና እንደ አጫጫኑ ይለያያል። መረጃው በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ሥር ከነበረ ወደ ዊንዶውስ ኦልድ ይገባል፤ በቀጥታ በ«ሲ» ላይ ከነበረ ደግሞ በቦታው ይቀራል። በፕሮግራሙ የተዘጋጀ መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ የድርጅቱ ፎልደር ሳይነጣጠል ሙሉ በሙሉ መቀዳት አለበት። ዊንዶውስ ኦልድ የሚጠፋው ፕሮግራሙ እንደገና ተጭኖ መዝገቡ በትክክል መከፈቱ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

የግዕዝ ፎንቶች

በኢትዮጵያ ለሚገኙ ተጠቃሚዎች ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው የፎንት ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ መለያ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሰነዶች የሚጻፉት የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በሚተኩ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው።

ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። በዊንዶውስ 10 ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ሲሆን «ኤብሪማ» የተባለው ፎንት የግዕዝን ፊደል ያሳያል። ሁለቱም የሚያነቡት በዩኒኮድ የተጻፈውን ነው፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈውን አያነቡም። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች ወይም የፈተና ወረቀቶች ካሉ፣ በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ «ዊንዶውስ» ከዚያም «ፎንትስ» የሚለውን ከፍቶ የግዕዝ ፎንቶቹን መቅዳት ያስፈልጋል። ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የሚጠቀም ሰው የመጫኛ ፋይሉ በእጁ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የተቀዱትን ፎንቶች ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ማስገባትና አንድ የድሮ ሰነድ ከፍቶ ማየት ሥራው መሳካቱን ያሳያል።

ድራይቨሮች

አዲሱ ዊንዶውስ የዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ድራይቨር ካጣ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ድራይቨሩን ማውረድ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ኦልድ ይጠቅማል። «ዲቫይስ ማኔጀር» ተከፍቶ ድራይቨር የጎደለው መሣሪያ ከተመረጠ በኋላ፣ ድራይቨሩን ከኮምፒዩተሩ ላይ እንዲፈልግ ማዘዝና በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ «ዊንዶውስ»፣ «ሲስተም 32»፣ «ድራይቨር ስቶር» የሚለውን ፎልደር ማሳየት ይቻላል። ይህ የሚሠራው አሮጌውና አዲሱ ዊንዶውስ ሁለቱም 64 ቢት ወይም ሁለቱም 32 ቢት ሲሆኑ ነው።

ቅጂ ሲወሰድ መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

ፋይሎችን ቆርጦ ከማዛወር ይልቅ መቅዳት ይመረጣል። መብራት ቢቋረጥ ወይም ፍላሹ ቢነቀል ዋናው ፋይል በቦታው ይቆያል። ከተቀዳ በኋላ የፎልደሮቹን መጠንና የፋይሎቹን ብዛት ማነጻጸር፣ ጥቂት ሰነዶችንም ከቅጂው ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ዋናው ሲጠፋ ቅጂው ብቸኛ ስለሚሆን፣ አስፈላጊ ሥራዎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በ«ዲ» ድራይቭ እና በውጫዊ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው። «ሲ» እና «ዲ» በአንድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

በ«ፋት 32» አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም። እንዲህ ላለው ፋይል «ኤክስ ፋት» ወይም «ኤን ቲ ኤፍ ኤስ» ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ እንደገና የተጫነው በቫይረስ ምክንያት ከሆነ ቫይረሱ በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፎልደሩ መጀመሪያ በጸረ ቫይረስ መፈተሽ አለበት። መቀዳት ያለባቸውም ሰነዶች፣ ሥዕሎችና የመሳሰሉት እንጂ ፕሮግራሞችና አቋራጮች አይደሉም።

የማስወገጃ መንገዶች

በዊንዶውስ 10 እና 11

1. «ሴቲንግስ» ከዚያም «ሲስተም» ይከፈታል፤ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ይመረጣል።
2. «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ማለትም ጊዜያዊ ፋይሎች የሚለው ይከፈታል። ዝርዝሩ እስኪሞላ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል።
3. በዝርዝሩ ውስጥ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለው፣ ማለትም የቀድሞው የዊንዶውስ ጭነት፣ ምልክት ይደረግበታል።
4. በሌሎቹ ላይ ያለው ምልክት አንድ በአንድ ይታያል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» አለ። በእሱ ላይ ምልክት ከተደረገ አሁን በሥራ ላይ ያለው የዳውንሎድስ ፎልደር ይዘት ይጠፋል። «ሪሳይክል ቢን» ከተመረጠም የቆሻሻ መጣያው ይዘት ተመልሶ እንዳይወጣ ሆኖ ይጠፋል።
5. «ሪሙቭ ፋይልስ» የሚለው ጠቅ ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዊንዶውስ በማሳደግ ከተጫነ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ፕሪንተሩና ዋና ዋና ፕሮግራሞች ሁሉ መሥራታቸው አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። የ10 ቀናቱ ጊዜ ካላበቃ በትእዛዝ መስመር እስከ 60 ቀናት ማራዘም ይቻላል። ፎልደሩ በራሱ ጊዜ ሊጠፋ ስለሚችል እንደ ማከማቻ ሊታመንበት አይገባም።

በዊንዶውስ 7 እና 8.1

«ዲስክ ክሊን አፕ» የሚባለው ፕሮግራም ይከፈታል፤ «ሲ» ድራይቭ ይመረጣል። መጀመሪያ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞው ጭነት አይታይም። «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለው ጠቅ ሲደረግ ዝርዝሩ በአስተዳዳሪ መብት እንደገና ይዘጋጃል፤ በዚያን ጊዜ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለው ይታያል። በቪስታ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሁሉም ተጠቃሚዎች ፋይሎች የሚለው አማራጭ መመረጥ አለበት። ይኸው ፕሮግራም በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይም ይገኛል።

በእጅ ማጥፋት የማይመከርበት ምክንያት

ዊንዶውስ ኦልድን እንደ ማንኛውም ፎልደር መርጦ ለማጥፋት ሲሞከር ብዙ ጊዜ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ይመጣል። በውስጡ ያሉት ብዙ ፋይሎች የተጠቃሚው ሳይሆኑ የስርዓቱ ንብረት ተደርገው የተመዘገቡ ናቸው። አንዳንዶች የፋይሎቹን ባለቤትነት በትእዛዝ ወደ ራሳቸው አዛውረው በግድ ያጠፏቸዋል። አደጋው ትእዛዙ በስሕተት በሌላ ፎልደር ላይ፣ ለምሳሌ በዋናው «ዊንዶውስ» ላይ ከተሰጠ ሥራ ላይ ያለው ስርዓት መጎዳቱ ነው።

ሌላው ምክንያት ማገናኛ ነጥቦች ናቸው። በዊንዶውስ ውስጥ አንዳንድ ፎልደሮች እውነተኛ ፎልደር ሳይሆኑ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክቱ ናቸው። አሮጌ ማገናኛ ወደ አዲሱ ስርዓት ቦታ ሊያመለክት ይችላል። ማገናኛንና እውነተኛ ፎልደርን የማይለይ የማጥፊያ ፕሮግራም በማገናኛው አልፎ በሥራ ላይ ያለውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። የዊንዶውስ ማጽጃ የተዘጋጀው ለዚሁ ሥራ ስለሆነ ከሁለቱም አደጋዎች ይጠብቃል። ማጽጃው በመብራት መቋረጥ ምክንያት ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ እንደገና ማስጀመር ይቻላል።

ትርፍ የሚመስሉ ግን መነካት የሌለባቸው

ቦታ ለማግኘት ሲባል ከዊንዶውስ ኦልድ ጋር አብረው የሚጠፉ፣ ነገር ግን የአሁኑ ስርዓት አካል የሆኑ ነገሮች አሉ።

«ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ»፦ በ«ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ የሚገኝ ትልቅ ፎልደር ነው። ስርዓቱ ለማሻሻያና ለጥገና የሚጠቀምበት ስለሆነ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ይችላል። በውስጡ ያሉ ብዙ ፋይሎች በሌላ ቦታም የሚቆጠሩ በመሆናቸው መጠኑ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል።

«ኢንስቶለር»፦ በዚሁ «ዊንዶውስ» ውስጥ ያለ የተደበቀ ፎልደር ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ለማሻሻል ወይም ለማስወገድ ያስፈልጋል።

ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች፦ በዲስኩ ላይ ስም የሌላቸውና ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚይዙ ክፍሎች ይታያሉ። እነዚህ ኮምፒዩተሩ የሚነሳባቸው ወይም ራሱን የሚጠግንባቸው ፋይሎች ያሉባቸው ናቸው። የሚነሳበት ክፍል ከጠፋ ዊንዶውስ አይነሳም።

በዶላር ምልክት የሚጀምሩና «ዊንዶውስ» የሚል ቃል ያለባቸው አንዳንድ የተደበቁ ፎልደሮች ደግሞ በማሳደግ ጊዜ የተፈጠሩ የመጫኛ ፋይሎች ናቸው። ወደ ቀድሞው ስሪት ለመመለስ ሊያስፈልጉ ስለሚችሉ እነሱም በዚያው ማጽጃ በኩል መወገድ አለባቸው።

በሌላ ድራይቭ ላይ የቀረ አሮጌ ስርዓት

አዲሱ ዊንዶውስ ከአሮጌው በተለየ ድራይቭ ላይ ከተጫነ ዊንዶውስ ኦልድ አይፈጠርም። አሮጌው ስርዓት ሙሉ ሆኖ በቦታው ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሳም የትኛው ይከፈት የሚል ምርጫ ሊመጣ ይችላል። አሮጌውን ድራይቭ ከማጽዳት በፊት የማስነሻ ፋይሎቹ የት እንዳሉ መታወቅ አለበት። ሁለት ዲስክ ባለው ኮምፒዩተር አዲሱ ዊንዶውስ በሁለተኛው ላይ ቢጫንም የማስነሻ ፋይሎቹ በመጀመሪያው ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ የመጀመሪያው ዲስክ ከጸዳ ወይም ከተነቀለ አዲሱም አይነሳም።

ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አሮጌውን ዲስክ ለጊዜው መንቀልና አዲሱ ብቻውን መነሳቱን ማየት ቀላሉ መንገድ ነው። ከተነሳ አሮጌው ዲስክ ሰነዶቹ ከወጡለት በኋላ ሊጸዳ ይችላል። በመነሻው ላይ የሚመጣው የአሮጌው ዊንዶውስ ስም «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» በሚባለው ፕሮግራም፣ «ቡት» በሚለው ገጽ በኩል ይወገዳል። የሚወገደው «የአሁኑ ስርዓት» የሚል ምልክት የሌለበት ነው።

በስሕተት ከጠፋ

በማጽጃው የጠፋ ዊንዶውስ ኦልድ ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም። በውስጡ የሚፈለግ ፋይል እንደነበረ ከታወቀ ኮምፒዩተሩን መጠቀም ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል። ማንኛውም አዲስ ፋይል በጠፋው ቦታ ላይ ሊጻፍ ይችላልና። ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም መፈተሽ የተሻለ ዕድል ይሰጣል። የመመለሻ ፕሮግራሙም ሆነ የተገኙት ፋይሎች በዚያው ዲስክ ላይ መቀመጥ የለባቸውም።

ዕድሉ እንደ ዲስኩ ዓይነት ይለያያል። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ቦታው በሌላ እስኪያዝ ድረስ ሊገኝ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ የተለቀቀውን ቦታ ለዲስኩ ስለሚያሳውቅና ዲስኩም ስለሚያጸዳው ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ኮምፒዩተር ሲሸጥ ወይም ሲተላለፍ

ዊንዶውስ ኦልድ የቀድሞውን ባለቤት ምስጢርም ይይዛል። ያለ ፎርማት ዊንዶውስ ተጭኖለት የተሸጠ ኮምፒዩተር አዲስ ቢመስልም የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና የሥራ ደብዳቤ በፎልደሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ፎልደሩን ማጥፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከላይ እንደተገለጸው ከሃርድ ዲስክ ላይ መልሶ ማውጣት ይቻላልና። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒዩተሩን ወደ መነሻው ለመመለስ «ሁሉንም አስወግድ» ሲመረጥ ድራይቩንም የማጽዳት ተጨማሪ አማራጭ አለ። ከሽያጭ በፊት የሚመረጠው እሱ ነው።

በሌሎች ስርዓተ ክወናዎች

አሮጌውን ስርዓት ለይቶ ማስቀመጥ በዊንዶውስ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በማክ ኦኤስ ኤክስ ከ10.2 እስከ 10.5 በነበሩት ስሪቶች አሮጌውን ስርዓት ወደ አንድ ፎልደር ጠቅልሎ አዲሱን የመጫን አማራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማክ ኦኤስ ካታሊና ደግሞ በአዲሱ ስርዓት ውስጥ ቦታ ያላገኙ ፋይሎችን «ሪሎኬትድ አይተምስ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል።

በሊኑክስ የተጠቃሚዎች ሰነዶች «ሆም» በሚባል ፎልደር ይቀመጣሉ። ይህ ፎልደር በራሱ የዲስክ ክፍል ላይ ከሆነ እሱን ፎርማት ሳያደርጉ ስርዓቱን ብቻ እንደገና መጫን ይቻላል። በዊንዶውስም ሰነዶችን ከ«ሲ» ውጭ፣ በ«ዲ» ድራይቭ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል፤ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫንም በዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ የሚቀረው በዋናነት የስርዓቱና የፕሮግራሞች ፋይል ይሆናል።